ቃለ ጉባኤ

የከተማው አዳራሽ፣ ሰዓቱ ከምሽት አንድ፤
ውጭ በረዶ ይጥላል፣ ጠፍቷል የሰው መንገድ።
እኔ ጸሐፊዋ ነኝ፤ ሥራዬ መክተብ ነው፤
ሰው የተናገረውን እንጂ ያሰበውን አልጽፈው።
ማን ምን እንዳለ፣ በስንት ሰዓት፣ በስንት ደቂቃ፤
ዕንባ አይመዘገብም፣ ሳልም አይጻፍም፤ ደንቡ ይኸው ነው፣ በቃ።

ፔልተን፣ ኦሃዮ፤ ሐይቁ እንደ መስተዋት የደረቀበት ወር።
አጀንዳ አንድ፦ ከትምህርት ቤቱ ተኩስ ወዲህ፣
የሚደረገው ምንድን ነው ከእንግዲህ?

ሊቀመንበሩ ዌንደል ሃስከል ጉሮሮውን ጠረገ፤
«ጣቱ ሺህ ጊዜ የገደለ ልጅ» አለ፣ «ከስክሪን ፊት ያደገ፣
ነገ እውነተኛውን ቢጨብጥ ማን ነው የሚገርመው?»
ጭብጨባ። ሃያ ሰከንድ። ጻፍኩት።
ጭብጨባ ይጻፋል፤ እሱን ደንቡ አይከለክለው።

ዶክተር ማሬን ኦስቢ ተነሣች፣ ወረቀቷ በእጇ ሲርገበገብ፤
የቁጥር መዓት ነበረባት፣ ለማንም የማይነበብ።
«ጃፓንም ይጫወታሉ» አለች፣ «ኮሪያም፤ ከኛ የማያንስ፤
እዚያ ግን በትምህርት ቤት ደጅ አምቡላንስ አይርመሰመስ።»
ሃስከል፦ «ወረቀት ልጅ አያሳድግም!» ጭብጨባ፣ አሥራ ሁለት ሰከንድ።
ከግራ ረድፍ አንድ ድምፅ፦ «የአባቴን ጠብመንጃ ማንም አይነካ! አንድም ሰው፣ አንድ!»
ገመድ ጉተታ ሆነ፤ ይህ ወገን ሲስብ ያ ወገን ሲረግጥ፤
ገመዱ ከምን እንደተገመደ የጠየቀ የለም፣ የሁሉም መዳፍ እስኪላጥ።

ከዚያ ቬርና ሊንድክቪስት። የኤሜት እናት።

«ሁለቱም» አለች፣ «አንድ ጨዋታ፣ አንድ ቡድን ነበሩ፤
ልጄ ከሳሎናችን፣ ያ ልጅ ከማዶ ቤታቸው፣ በማዳመጫ ሲያወሩ የሚያድሩ።
ኤሜት ሲወድቅ የሚያነሣው እሱ ነበር፤ ስምንት ጊዜ ባንድ ሌሊት፤
በዘጠነኛው የጣለው እሱ ራሱ ነው፤ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።

«ጨዋታው ንጹሕ ነው አልልም፤ ያ የተኩስ ድምፅ ማታ ማታ
አሁንም ግድግዳዬን ይቧጥጣል፣ አይጥ እንደገባበት ጎታ።
ግን ጨዋታው በር አልከፈተም። ጨዋታው ሳጥን አልሰበረም።
ቁልፉ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ፣ ሚስማር ላይ ነበር፤
ማንም አልደበቀው፣ ማንም አልቀበረም።
ከውሻው ማሰሪያ ጋር ተንጠልጥሎ። አባቱ ነው የነገረኝ፤
እንደ ሕፃን እያለቀሰ፣ ቁጭ ብሎ እያየኝ።»

ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ዝም አለች። አልነበረም ጭብጨባ።
ዝምታ አይጻፍም። እኔ ግን ጻፍኩት፤
‹ዝምታ›፤ ከወረቀቱ ዳር፣ በእርሳስ፣ እንደ ሌባ።

አምስት ለሁለት ተወሰነ፦ ከእሳት አደጋ ጣቢያው ደጅ ገንዳ ይቁም፤
ልጆች ዲስካቸውን ይጣሉ።
ስለ ሚስማሩ አጀንዳ የለም።

ቤቴ ስደርስ ልጄ ሲላስ አልተኛም፣ ፊቱ ሰማያዊ ብርሃን ለብሶ፤
ከስክሪኑ ላይ አንድ ሰው ወደቀ፣ ተነሣ፣ ወደቀ፣ ተነሣ መልሶ።
«ስንት ነፍስ ቀረህ?» አልኩት። «ሁለት» አለ፣ ሳያየኝ።
ተራ ቁጥር ነበረች፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አንዘፈዘፈኝ።

ኮቴን ሳላወልቅ መኝታ ቤት ገባሁ። ሦስተኛው መሳቢያ።
የሟች ባሌ ሽጉጥ፤ አልሸጥኩትም፣ አልነካሁትም፣ አኑሬው ለመታሰቢያ።
ቁልፉን በካልሲ ጠቅልዬ፣ ከሹራቦቼ ሥር ነበር የምሸሽገው፤
እጄን ሰድጄ ዳሰስኩ። አለ። ተነፈስኩ፤ ልቤ ግን አልሰከነው።

«እማ» አለኝ ከበሩ ቆሞ፣ ማዳመጫው አንገቱ ላይ፤
«ቁልፉን ነው? ቀዩ ካልሲ ውስጥ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር ሳይ።»

ነገ በንጹሕ ይገለበጣል፤ ላጲሱ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል።
ከዳር ያለችውን ቃል ግን በቀለም አጸናታለሁ፤ ሃስከል ይቆጣል።
ከሥሯም አንድ መስመር እጨምራለሁ፤ ማንም አልተናገረውም፣ ደንብ ይጥሳል፦
‹ጸሐፊዋም ቁልፍ አላት። የተቀመጠበትን ልጇ ያውቃል።›