የአስተርጓሚዋ መስመር

አፉላ ላይ ዝናብ፣ ጥር ወር፣ ማለዳ፤
በመስኮቱ ማዶ ጭቃ የሆነ ሜዳ።
ሦስተኛ ፎቅ፣ ጠባብ ክፍል፣ ሦስት ወንበር፣
አንድ ወረቀት፣ ሦስት የፊርማ መስመር፦
አንዱ ለታካሚ፣ አንዱ ለሐኪም፣
ከሁሉ በታች ደግሞ ለአስተርጓሚ ስም።

ዶክተር ራያ ቱቦውን በጣቷ ሥላ፣
"አይፈታም በያት፣ መጸጸት የለም ኋላ"
ትለኛለች፣ ሩስኛ በሚጎትተው ዕብራይስጧ።
እናንዬ ከሌሊት ፈረቃ ቀጥታ መጥታ፣
የፋብሪካ ባጇን ከአንገቷ ሳትፈታ፣
ታዳምጣለች።
አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። አራት ልጆች አሏት።
አምስተኛ አልፈልግም ብላ መጣች፣ ማንም ሳይልካት።

እኔ ግን ቃል እፈልጋለሁ።

"ማምከን" ልበል? ቃሉ አጥንት አለው፣ ጉሮሮ ይወጋል።
መካን የተባለች ሴት እኛ ሰፈር
ሙሽራ እንዳታቅፍ ትደረግ ነበር።
የዕብራይስጡም ቃል አይሻልም፤ ሥሩ "መንቀል" ነው።
ቄስ የነበረው አባቴ ግን በግዕዙ ጸሎት
"መካን" ሲል ስፍራ ማለቱ ነው፤ ቦታ፣ ማረፊያ ቤት።
አንድ ቃል። በአንዱ ልሳን ባዶ፣ በአንዱ ማደሪያ።

ሐይፋ፣ በአስተርጓሚዎች ሥልጠና፣
መምህሩ የዓለምን ሕግ እንደ ካርታ ዘረጋና፦
አንዱ አገር ባሏ ካልፈረመ ቢላ አይነሳም፣
አንዱ አገር ሠላሳ ካልሞላት ማንም አይሰማትም፣
አንዱ ዘንድ የሚፈርደው ዳኛ ነው፣ እሷን አይቶ የማያውቅ፤
አንዱ ዘንድ ጭራሽ ወንጀል ነው። ደግሞ አለ
ብርድ ልብስና ዘይት ሰጥቶ ድሀውን ያሰለፈ፣
ሃምሳ ዓመት ቆይቶ "ይቅርታ" ብሎ የጻፈ።
ጎኔ የነበረችው የአረብኛዋ፣ ሩዋይዳ፣
"ድንበር የት እንደሚያልፍ አየሽ?" አለችኝ፤ "ከእምብርታችን በታች።"

ሳቅኩላት። ከዚያ ዝም አልኩ።
ምክንያቱም እኔ ነኝ፣ የዛሬ ሃያ ዓመት፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ዕብራይስጤ እንጭጭ፣
በካራቫን ሰፈር ነርሷ መርፌ ይዛ
"ንገሪያቸው" ስትለኝ፣
ቃሉ ሲጠፋኝ፣ ለሴቶቹም ሳፍር፣
"ክትባት ነው" ያልኩኝ።

አንድ ቃል ነው። ሁለት እንኳ አይደለም።
ክንድ ተዘረጋ። በየሦስት ወሩ ሰልፉ ተመለሰ፣
እኔም ተመለስኩ።

ስለዚህ ዛሬ አስረዝማለሁ። ቢላውን እላለሁ፣ ቋጠሮውን እላለሁ፣
ዕድሜ ልክ መሆኑን፣ ሌላ መንገድ መኖሩን፣
አልጋው ላይ ተኝታ እንኳ ተዉኝ ማለት እንደምትችል።
ዶክተር ራያ ሰዓቷን ታያለች።

"ባሌስ አይፈርምም?"
"እዚህ አገር አያስፈልግም።"
"ጎሽ! እሱማ ስሙን እስኪጽፍ ቀኑ ይመሻል።"

ከዚያ አየችኝ። ዓይኔን ሳይሆን አፌን።
"ድምፅሽን አውቀዋለሁ" አለች።
"ካራቫን ሰፈር። ቀይ ሹራብ ነበረሽ።"

"ምን አለች?" ትላለች ራያ።
ያንን ለመተርጎም ዕብራይስጡም አማርኛውም ከዳኝ።

"አምስት ዓመት" አለች እናንዬ፣ "ሆዴ ዝም አለኝ።
ያልተሳልኩት የለም። አማቴ መካን አለችኝ።
የገባኝ በኋላ ነው። አሁንም በር መዝጋት ነው፣ ያው በር፤
ያኔ ግን ቁልፉ ከሌላ ሰው ኪስ ነበር።"
እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች፣
ስሟን በአማርኛ፣ ፊደል በፊደል፣
ጻፈች፣ ከመስመሩ አልፎ እስኪንጠለጠል።

ወረቀቱ ወደ እኔ ዞረ።
"በሚገባት ቋንቋ ሙሉውን አስረድቻለሁ" ይላል።
ቀኑ ተሞልቷል። የቀረው ባዶ ስፍራ፣
መካኑ፣ የኔ ነው።

እናንዬ ጃኬቷን እየለበሰች
"ፈርሚ እንጂ" አለችኝ፤ "አውቶቡሴ ያመልጠኛል።"