ያልሸጠልኝ ሰው

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ሲጨልም ኡፕሳላ፣
የምነዳውን አውቶቡስ አቁሜ፣ እራቴን ሳልበላ፣
ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ፣ ካፖርቴን ደርቤ፣
ጸደይ ልሸምት ገባሁ፣ በስልኬ፣ ተርቤ።

አንድ ሱቅ አገኘሁ፣ ደጁ የደመቀ፣
ማግኖሊያው በአበባ የተጥለቀለቀ፣
ጽጌረዳው ሰማያዊ፣ እንደ ባሕር የጠለቀ፣
አጠገቡ የቆመች ልጅ ሳቋ የፈለቀ።
ዋጋው? የአንድ ምሳ። ቅናሹ? ግማሽ።
ከላይ ሰዓት ይቆጥራል፦ «ቶሎ በል፣ እንዳይመሽ!»
ምስክሩ ብዙ ነው፤ ሁሉም አምስት ኮከብ፣
ሁሉም በአንድ ቀን የጻፈ፣ ሁሉም በአንድ ልብ።
ልብ አላልኩም እንጂ።
ሳሩን ያየ በሬ ስለ ገደል ምን ገዶት፣
ከፈልኩ፤ ተኛሁ፤ በሕልሜም ተከልኩት።

በሚያዝያ መጣ። ሳጥን የለው፣ ላስቲክ ነው የያዘው፣
ከዘራ የሚያህል እንጨት፣ አንድ እምቡጥ የሌለው፣
ሥሩ እንደ አሮጌ መጥረጊያ የደረቀ፣
ስም የለው፣ ወረቀት የለው፣ ከየት አፈር እንደ ተነጠቀ።
ጻፍኩላቸው። ዝም።
ደግሜ ጻፍኩላቸው። ሱቁ የለም።
እንደ ቅዳሜ ገበያ ሸራውን ጠቅልሎ፣
በሌላ ስም ሄዷል፣ ኮከቡን አንጠልጥሎ።

ጉንቮር ናት ያየችኝ፣ የአጥር ጎረቤቴ፣
እንጨቱን ታቅፌ ስቆም በሐፍረቴ።
አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ በጥፍሯ ልጡን ፋቀች፣
«ይሄ በመንገድ አልሞተም፤ ሞቶ ነው የተላከ» አለች።
«ደግሞስ ነፍስ ቢኖረው፣ የሞቃት አገር ልጅ ነው፤
የእኛን ጥር ማለፍ ማን ነው ያስተማረው?»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ፦
ስንቱን መክሬበታለሁ፣ ቀንቶኝ አነጋገሩ፤
ሥር ማለት ሥር መሆኑ ግን
ገና ዛሬ ገባኝ።

መነጽሯን ሰካችና ስልኬን ተቀበለች፣
ወደ ሰሜን፣ ወደ ኡሜዎ፣ አንድ ችግኝ ጣቢያ ገባች።
ገጹ የማያምር፣ ፎቶው የደበዘዘ፣
አበባ የለበትም፤ ጭቃማ እጅ አለ፣ ሥር የያዘ፣
ያሳደገው ሰው ስም፣ የማሳው አድራሻ፣
የሚችለው ውርጭ በቁጥር፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ፣
«እስከ መስከረም ካልበቀለ ደውሉልን» የሚል
የማይጮህ ቃል፣ ከግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል።
«ቅሬታውንም አንብብ፤ አንዷ ጽፋለች ተቆጥታ፣
ሳጥኑ ዘገየ ብላ። እሱም መልሷል፦ ይቅርታ።»

ደወልኩ።
«ኦስሙንድ» አለ አንድ ድምፅ፤ ከኋላው ውሻ ይጮኻል።
ማግኖሊያ አልኩት። «የት ነህ? ንፋሱ በየት ይመጣል?
አፈርህ ምን ዓይነት ነው? በረዶ ሲቀልጥ ውሃ ይተኛበታል?»
ሁሉንም መለስኩለት። ዝም አለ። ቆየ።
«አልሸጥልህም» አለ።
«ብሸጥልህ ገንዘቡ ይገባኛል፤ ዛፉ ግን ይሞታል።
ከዚያ በየዓመቱ፣ ጥር ሲብት፣ ስምህ ይመጣብኛል።»

ሲሸጥልኝ የማለ ስንት አየሁ በዕድሜዬ፤
ይሄን በእምቢታው አመንኩት፣ ቆሜ ከጓሮዬ።
«እንግዲያስ አንተ ምረጥልኝ» አልኩት።

በግንቦት መጣ፦ የፖም ችግኝ፣ አጭር፣ ቁመናው ያላማረ፣
ሥሩ በእርጥብ ጋዜጣ እንደ አራስ ልጅ የታሰረ፣
«ለሳህሉ፣ ከኦስሙንድ» ተብሎ በእርሳስ የሰፈረ፣
ከመሬት የወጣበት ቀን እንኳ ያልቀረ።

ጉንቮር ጉድጓዱን ለካች በአካፋው እጀታ፣
እኔ አፈር መለስኩ፣ ውሃ አፈሰስኩ በዝግታ።
ከወንዙ በኩል ንፋስ ተነሣ፤ ችግኙ ተንገዳገደ፤
ደጋፊ የሚሆን ነገር ዓይኔ ፍለጋ ሄደ።
ዕቃ ቤት ገባሁ።
ከማዕዘኑ ቆሟል፣ ያ የሞተው ማግኖሊያ።
አምጥቼ ከፖሙ ጎን ሰካሁት፤ በጨርቅ፣ ላላ አድርጌ፣ አሰርኳቸው።
ገንዘቤን የበላው እንጨት ሥራ ያዘ።

ጉንቮር የሳቀችው ያን ጊዜ ነው።