ሠላሳ ስምንት ደቂቃ

ሌሊት ነው። ለሽማግሌው መድኃኒታቸውን ሰጠሁ፣
ኩሽናው በር ላይ ተቀምጬ የሁለት ከተማ ስም ጻፍሁ፤
የእህቴን ከተማ፣ ሲላን፤ የኔን ከተማ፣ ኸሰብን፣
አንዱ የአሸዋ ጫፍ፣ አንዱ የድንጋይ ጫፍ ላይ የቀሩትን።

ስልኩ አላመነታም፤
"አምስት መቶ አሥር ኪሎ ሜትር በአየር፣
ሠላሳ ስምንት ደቂቃ በአውሮፕላን ሲበረር።"

ሠላሳ ስምንት ደቂቃ!
ባቄላ እንኳ አይበስልባት።
ከቤታችን ሐርቡ ገበያ፣ አህያዋ ካልለገመች፣
እኔና ጦይባ የሄድንባት ይችኑ ያህል ነበረች።

ስልኩ ያልነገረኝ፣
ሲላ አውሮፕላን ማረፊያ እንደሌላት፣
ያላት ማደያ፣ የከባድ መኪና ሰልፍና ነፋስ እንደሆነ ሀብት፤
የኔ ፓስፖርት ከማዳም ቁምሳጥን፣ ከወርቋ ሥር እንደተኛ፣
የሷም ከደላላው መሳቢያ፣ የሁለት ቁልፍ እስረኛ፤
በመካከል ድንበር እንዳለ፣ ማኅተም እንዳለ፣ ኬላ፣
አርብ እንኳ የኛ እንዳልሆነ፣ እኔም እዚህ፣ እሷም ሲላ።

ጠዋት ናኾዳ ሰይፍን ጠየቅኋቸው፣ እግራቸውን እያሸሁ።
ዕድሜያቸውን ጀልባ ላይ ነው የፈጁት፤
ዛሬ ስሜን በቀን ሦስት ጊዜ ይረሱታል፣
መንገዱን ግን አልረሱትም።
ጣታቸውን በምራቅ ነክረው ወደ መስኮቱ ዘረጉ፤
"ሸማሉ ካልከፋ አራት ቀን። ከከፋ ዘጠኝ።"
"ነፋስ ከሌለስ?" አልኳቸው።
"ነፋስ ከሌለማ፣" አሉ፣ "ቁጭ ብሎ ማውራት ነው።"

ማታ ጦይባ ደወለች፤ የምታሳድጋቸው ልጆች ተኝተዋል።
ቁጥሩን ነገርኳት። ዝም አለች። ሳቀች።
"ታዲያ ምን እጠብቃለሁ? ጫማዬን አድርጌያለሁ፣
በይ ሰዓት ያዢልኝ፤ ይኸው ተነሣሁ።"

አምስት ደቂቃ ላይ፤ "ዳልማ ደሴት ከሥሬ ናት፣
ከኪስ እንደወደቀች ሳንቲም አየኋት።"
ዘጠኝ ላይ፤ "በቀኜ የሩወይስ እሳት፣
እንድሪስ ቱቦ የሚበይድበት። ሰላም አልኩት፣ አልሰማኝም።"
ዐሥራ ስድስት ላይ ድምጿ ጠፋ።
"ምነው?" አልኳት።
"ደመና ነው፣" አለች። አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማኋት።
ሃያ ሁለት ላይ፤ "አቡዳቢ! መብራቱ እንደ ሱፍ ተበትኗል፣
ማን ይለቅመው ይሆን ይሄን ሁሉ?"
"እኛው ነና፣" አልኳት፣ "ሌላ ማን ይለቅማል?"
ሁለታችንም አፋችንን ይዘን ሳቅን፣ ቤቱ እንዳይሰማ።

ሃያ ዘጠኝ ላይ፤ "አሁን ባሕር ብቻ ነው፣ ጨለማ፤
መብራት አሳዪኝ፣ መንገድ እንዳልስት።"
የኩሽናውን መብራት አበራሁ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ፤
ማዳም ትነቃለች ብዬ ፈራሁ፣
ደግሞም አበራሁ።
"አየሽው?" አልኩ። "ጦይባ፣ አየሽው?"

ካርዷ አለቀ።
ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ደቂቃ ይቀራታል።
በረንዳ ሳጥብ፣ ፍየል የጫኑት ጀልባዎች
ከኢራን ማዶ ሲገቡ፣ ቀና ብዬ አያለሁ።
ናኾዳ "ነፋሱ እንዴት ነው?" ይሉኛል፤
"ደህና ነው አባባ፣ ደህና ነው" እላለሁ።

ማዳም ትቆጣለች፤
"ማን ነው ማታ ማታ የኩሽናውን መብራት ሳያጠፋ የሚተኛው?"
እኔ ነኝ እላታለሁ።
እረሳለሁ።