አንዲት ፍሬ

ሳሙና በር ያው ነው፣ ዳገቱ አላደገ፤
እግርህ ነው በየደጁ ማረፊያ የፈለገ።
አንዴ የወፍጮ ቤቱን ግንብ፣ አንዴ የእኔን ትከሻ፤
ድሮ በአንድ ትንፋሽ ነበር፤
ዛሬ ስምንት መቆሚያ አለው እስከ መድረሻ።

ሰው ሲያልፍ ታፍራለህ፤ ጎንበስ ትላለህ፣
ጠጠር የገባበት መስለህ
ጫማህን አውልቀህ ታራግፋለህ።
«ወጣልህ?» እላለሁ፣ ሰው ይስማኝ ብዬ፤
በአርባ ዓመት ትዳራችን ያስተማርከኝ ውሸት
ይኼው ብቻ ነበር፣ ዓለምዬ።

ሌሊት ሦስት ትራስ ነበር፤ አራት ሆነ፤
ተቀምጦ ማደር ለባሕታዊ እንጂ
ለባለ ትዳር መቼ ተወሰነ?
እግርህን በአውራ ጣቴ ጫን ባደርገው ማታ
ጎድጉዶ ቀረ፤ አባታችን ሆይን ብዬ ጨረስኩ፣
አልተመለሰም ገና ሥጋህ ወደ ቦታ።

ዶክተር ሐመልማል ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ግን የእናት፤
«ልብዎ ደክሟል፣ አባባ» አለች፣
«ይቺ ፍሬ አንዲት ብትመስልም ሁለት መድኃኒት ናት።
አንዱ የደም ሥርዎን ያላላል፤
ሌላው፣ ሰውነትዎ ራሱ ለልብ የሚያመነጨው እርዳታ
ቶሎ እንዳይፈርስ ይከላከላል።
ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፤ ጨው ይቅር፤
ሚዛን ላይ ይውጡ በየዕለቱ።»
አንተ ግን ክኒኗን መዳፍህ ላይ አኑረህ፣ እንደ ጥንቱ
ተማሪ የዘረፈውን ቅኔ እንደምትመዝን በብርቱ፣
«ሁለት ናቸው?» አልካት።
«ሁለት።»
«አንድ ናት?»
«አንድ ናት።»
«ተቀላቅለው ነው ወይስ ሳይቀላቀሉ?»
ልጅቱ ግራ ገብቷት፣ «ፋርማሲ ይጠይቁ፣ እነሱ ያውቃሉ።»
ሳቅክ። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉም እንባ፦
«በዚች ከተማ ስንት ጉባኤ ቆሞ፣ ስንት ሊቅ ተሰዶ፣
መልሱ በብር ወረቀት ታሽጎ ጎንደር ገባ!»

መልሱ ግን ውድ ነው፤ የወር ደመወዝህን ይበላል፤
አራዳ የለም፤ አዘዞ ያለው «ነገ» ይላል፤
የእህቴ ልጅ ስንሻው ካዲስ አበባ በአውቶቡስ ይልካል፣
መንገድ ክፍት ሲሆን።

ባለፈው ክረምት መንገዱ ሲዘጋ
ያሉትን ቆጠርኩ፦ ዐሥራ አንድ ፍሬ። ሌሊቱ ሳይነጋ
ምላጭ አውጥቼ እኩል እኩል ከፈልኳቸው፤
«አሁን እንዲህ ሆነው ነው የሚመጡት» ብዬ
ከውኃ ጋር አቀረብኳቸው።
ምንም አላልክ። እግርህ ግን በሳምንቱ ተናገረ፤
ትራሱ አምስት ሆነ፣ ከንፈርህ ጠቆረ።
ዳዊትህን አምጪልኝ ብለኸኝ ከማኅደሩ ሳወጣት
ስብርባሪ ክኒን እጄ ላይ ፈሰሰ፤ ሰባት።
ለካ አንተም የእኔን ግማሽ
በጥርስህ ትገምሳለህ በድብቅ፣
«መንገዱ እንደ ተዘጋ ቢቀርስ?» ብለህ፣ እኔ እንዳልጨነቅ።
የእኔ ግማሽ፣ ያንተ ግማሽ፣
ሳይመካከሩ ተደባብቀው
ልብህን ሩብ አስቀሩት።
ሁለት ናቸው? ሁለት።
አንድ ናት? አንድ ናት፣
ይቺ ሞኝነት።

መንገድ ተከፈተ። ስንሻው በሹፌሩ እጅ ላከ።
ዶክተሯ ተቆጣች፦ «አለቀ በሉኝ እንጂ!
ሌላ እናስባለን፤ ክኒን ማን ሸርፉ አላችሁ?»
አንተ፣ ስንቱን ያስቀረጽክ መምህር፣
እኔም ካጠገብህ፣
አንገት ደፋን እንደ ቆሎ ተማሪ።
አሁን ፊቴ ትውጣለህ፤ አፍህን ከፍተህ
ምላስህን አንሥተህ ታሳየኛለህ፤
እኔም የቀረውን አብሬህ እቆጥራለሁ።

ትናንት ሳሙና በርን ወጣን። አምስቴ ብቻ ቆምክ፤
አምስተኛው ላይ ጎንበስ አልክ፣
ጫማህን አወለቅክ።
«ወጣልህ?» አልኩኝ እንደ ልማዴ፣
ማንም ባይኖር እንኳ በመንገዱ።
አራገፍከው።
ጠጠር ወደቀ።