አራተኛው ክፍል

ከላሪሳ ሜዳ ሙቀት አባርሮን፣
ሁለት ቀን ነድተን፣ ሦስቴ መንገድ ጠፍቶን፣
ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጊቲዮ ገባን።
ስቴርዮስ ደከመው፤ የኔ እግር አበጠ፤
ባሕሩ ፊት ለፊት ዐይኑን አፈጠጠ።

ለፎቶ እንደቆሙ የሙሽራ ዘመዶች፣
አንዱ ባንዱ ትከሻ ብቅ ያሉ ቤቶች፤
በየምግብ ቤቱ ደጅ ገመድ ላይ ተሰጥቶ፣
ኦክቶፐስ ይደርቃል ስምንት እግሩን ፈቶ።
ከጎኑ ፎጣ አለ፣ የልጅ ካናቴራ፤
ሥራቸው አንዲት ድመት፣ ጠብታ ስትቆጥር በየተራ።

«ክፍል?» አለች ስታማታ፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣
«ሦስቱ ተይዘዋል። አራተኛው አለ፤ ይብሳል በዋጋ።
መስኮቱ ግን ባሕር ነው።»
እንዲህ ነው የነገረችን፤
«ባሕር ያሳያል» አላለችም፣ «ባሕር ነው» አለችን።

ከፈልን። ወጣን። መስኮቱን ከፈተች።
ታች ትንሿ ደሴት፣ ጥዷን ተጎናጽፋ፣
ነጩን የመብራት ማማ እንደ ጧፍ ይዛለች፣ ነፋስ እንዳያጠፋ።
ስቴርዮስ ዝም አለ። ዝም ማለት አያውቅም።
ሰላሳ ዓመት አብረን ኖረን፣ ይህን ዝምታ ሰምቼው አላውቅም።

ሦስት ቀን እንደ ንጉሥ!
ጠዋት ጠዋት ዋኘን፣ ቀትር ላይ ዓሣ በሎሚ በላን፤
ማታ በድንጋዩ መንገድ እስከ ደሴቷ ሄድን፤
ለጎረቤት የሚሆን፣ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ጀልባ ገዛን።
የስቴርዮስ ጀርባ በፀሐይ ተላጠ፤
እርጎ ቀባሁለት፤ እንደ ሕፃን ተቁነጠነጠ።

በአራተኛው ሌሊት ነፋስ መጣ ከባሕር፣
ሲጥ እያለ ከፈተው የቁምሳጥኑን በር።
ልዘጋው ብነሣ፣ ከበሩ ውስጥ በኩል፣
በእርሳስ የተሰመረ፣ መስመር ከመስመር በላይ፣ መሰላል የሚመስል፦
ሊኩርጎስ፣ አምስት ዓመት። ሊኩርጎስ፣ ሰባት።
ሊኩርጎስ፣ አሥራ አንድ፤ አንገቴ ጋ ደርሷል በዚያ ዓመት።
ከዚያ ወዲያ የለም።

ውሃ ልጠጣ ወረድኩ፣ በእግሬ ጣት፣ በደረጃው፣
ማድ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ጥሜን ረሳሁት፣ ተውኩት ውሃው።
በፍሪጁና በሽንኩርቱ ጆንያ መሐል፣
ስታማታ ተኝታለች፤ ታጣፊው አልጋ አጥሯት፣ እግሯ ተንጠልጥሏል።
በራስጌዋ መስኮት የለም።
ያለው የጋዝ ሲሊንደር ነው።

ጠዋት እንቁላል ስትጠብስ፣ ዳቦዬን ትቼ፣
«ክፍሉ ያንቺ ነው እንዴ?» አልኳት ተጠግቼ።
ሳቀች። መጥበሻው ላይ ዘይቱም አብሯት ሳቀ።
«ከግንቦት እስከ መስከረም የእናንተ ነው፤ ሒሳቡ የታወቀ።
ከጥቅምት በኋላ ግን፣ እናንተ ስትሄዱ፣
ማዕበል ሲራመድ በአስፋልት በመንገዱ፣
አልጋዬ ላይ ወጥቼ፣ ብርድ ልብስ ደራርቤ፣
ያለ ሒሳብ አየዋለሁ፣ እስኪጠግበው ልቤ።
እናንተ የምታዩት የተኳለው ነው፣ እንግዳ ተቀባዩ፤
የኔው ያበደው ነው፣ ግራጫው፣ ደጄን ደብዳቢዩ።»

ስለ ልጇ መጠየቅ ፈራሁ። ቀደመችኝ፦
«መስመሩን አይተሻል፣ ፊትሽ ነገረኝ።
አሥራ ሁለት ሲሞላው ‹ላም አይደለሁም፣ አልለካም!› አለ፤
ዛሬ ፒሬዎስ ነው፣ መርከብ ይበይዳል፤ በዚህ በር አይገባም ጎንበስ ካላለ።»
እኔ ለካ ሌሊቱን ሙሉ
በሕይወት ያለ ሰው አልቅሼ ቀብሬ!

ስንሄድ ስቴርዮስ አልጋውን አነጠፈ፤
በትዳሩ ዘመን አንድ ቀን ያላነጠፈ፣
አንሶላውን ወጥሮ፣ ትራሱን አሳርፎ፣
ራስጌውን አዞረው ወደ መስኮቱ፣ ከግድግዳው ገፍቶ።
ምንም አልተናገርኩም። ሻንጣውን ያዝኩለት።

መኪናችን አቃስቶ ዳገቱን ሲጨርስ፣ ዞር ብለን አየን፤
አራት ቀን አድረንበት፣ ዋኝተን፣ በልተን፣
ከጊቲዮ ስንወጣ፣
ያኔ ጊቲዮ ገባን።