ሁለተኛዋ በረኛ

ታምፔሬ፤ ማታ ነው፤ ሕዝቡ በር ላይ ቆሟል፣
ከብርዱ የተነሣ ትንፋሹ ጢስ ሆኗል።
ለጨዋታው የቀረው ደቂቃ አሥራ ሰባት፤
የትኬት ማንበቢያው ሁሉም ቀላ ድንገት።

ከመቀመጫው ሥር፣ መስኮት በሌለው ቤት፣
ስድስት ሰው ዝም አለ፣ ስክሪን ፊት ለፊት።

«እኔ ነኝ» አለ ኤሮ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣
«ደብዳቤ ከፈትኩኝ፣ ያንቺ ነው ብዬ ቶሎ።»
ቱሊኪ አልጮኸችም፤ ሳበች ወንበሯን፦
«ጥፋቱ ለነገ። ንገረኝ ሰዓቱን።»

«ከምሳ በኋላ።»
«በሮቹን ከመረብ
ንቀሉ፤ ትኬቱ በእርሳስ ይመዝገብ።»

ሥራ አስኪያጁ በስልክ «መቼ ነው?» ቢላት፣
«አላውቅም» አለችው፣ ሳታሳምርለት፤
(ይህች አንዲት ቃል ስንቱን አለቃ አንቃለች!)
«ባሥር ደቂቃ ደውል» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ጨዋታው የዘገየው ስድስት ደቂቃ ነው።

ላይ፣ በረዶው ሜዳ፣ በረኛው ዘለለ፣
ጠፍጣፋዋን ኳስ መልሶ መረቡን ከለለ፤
ጣሪያው ተናወጠ፣ ስሙ እየተጠራ።
ታች ያለችው በረኛ፣ ከኤሮ ጋራ፣
የቀዘቀዘውን ቋሊማ እየገመጠች
የበሮቹን ቁጥር አንድ ባንድ ትሰርዛለች።

አሥራ አንደኛው ገና ቀይ ነው።