የስቱዲዮው ኮት

ሄርማታ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፣
አባቴ ያስረከበኝ ጠባብ ፎቶ ቤት አለኝ አሁን።
ግድግዳው ላይ የተሳለ ሐይቅ፣ ጅማ ውስጥ የሌለ፣
ዳርቻው ላይ ዘንባባ፣ ነፋስ የማያውቅ፣ ቀጥ ያለ፤
ከበሩ ኋላ፣ ምስማር ላይ፣ አንድ ጥቁር ኮት፣
ስንቱ ጎረምሳ ለአንድ ደቂቃ ጌታ የሆነበት።

ሥራዬ የትዳር ፎቶ ነው፤ ሽማግሌ ሳይነሳ ፎቶ ይነሳል፣
በስልክ ገብቶ፣ በባጃጅ ተሳፍሮ፣ አጋሮ ሊሙ ይደርሳል።

ወንዱ የተላከለትን ይዞ ይመጣል፤ "ፊቷን ብቻ አጉዪልኝ፤
ይኼ ጥላ ነው ወይስ ጠባሳ? እስቲ ደግመሽ አጣሪልኝ።"
አንዱ ቁመቷን በስንዝር ለካ፣ የስልኩ መስተዋት እስኪወዛ፣
አንዱ የሊሙ ነጋዴ ጥርሷን ቆጠረ፣ በቅሎ እንደሚገዛ።
ከኋላዋ ምን እንደነበር ብጠይቃቸው ማንም አያውቅ፤
ዘንባባም አላዩ፣ ውሃም አላዩ፤
ፊቷ ነበር ሐይቅ።

ሴቷ ስትመጣ ፊቱን ታልፈዋለች፣ እንደ ጎረቤት በር፤
"ይኼ ትከሻው ላይ ያለው እጅ፣ ማን ነው ከጎኑ የነበር?
ጫማው ለምን ተቆረጠ? ሰዓቱስ በውነት ይሠራል?
በዚህ ፎቶ ሦስት ሰዓት ነው፣ በዚያኛውም ሦስት ይላል።"
ሸምሲያ፣ የቦሳ ኪቶዋ ነርስ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣
"ይኼን ኮት እኮ አውቀዋለሁ" አለች፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፤
"አምና እህቴን ያገባት ይኸው ኮት ነበረ፣
ዘንድሮ ደግሞ በየት ዞሮ ወደ እኔ ተሻገረ?
ስንት ሚስት ነው የሚበቃው?"

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።
"እሱ ቢሳሳት ሌላ ያያል፤ እኔ ብሳሳት እወልዳለሁ፤
ስለዚህ ፊቱ ይቆየኝ፣ መጀመሪያ ጫማውን አያለሁ።"

ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ፣ እናቴን ጠየቅኋት፤
"አንቺስ ያኔ ምኑን አየሽ?" ጥያቄዬ አሳቃት።
"ጣሪያውን" አለች፤ "በጂሬን መንገድ ሣር ነበር የሁሉ ቤት፣
የሱ ብቻ ያበራ ነበር፣ ከሩቅ፣ እንደ መስተዋት።"
አባቴ ሳይጠየቅ፣ ከአልጋው ሆኖ፣ "እኔ ጥርሷን" አለና፣
እንዳፈረ ልጅ ፊቱን መለሰ፣ ብርድ ልብሱን ሳበና።
ጣሪያው ዛሬ ወንፊት ነው፤ ሦስት ባልዲ ትደረድራለች፣
ጥርሷም ከረገፈ ቆየ፤ በድዷ ትስቃለች፤
እሱ ዓይኑ ፈዟል፣ ግን ስትስቅ ወደ ሳቋ ይዞራል፣
እሷ ሌሊት ተነስታ ባልዲ ትደፋለች፣ እሱ ደረቅ ያድራል።
ምን ፈልገው ምን እንዳገኙ፣ ሒሳቡ አይወጣልኝም፤
አባቴ ፎቶ ማንሳት እንጂ ሒሳብ አላስተማረኝም።

ትናንት ነዚፍ የሚሉት ሰው መጣ፣ ከሰቃ፣ ዝናብ የመታው፣
ስልኩን ከላስቲክ ፈቶ የልጅቷን ፎቶ ፊቴ ዘረጋው።
"ላጉላልህ?" አልኩት፤ እጄ ለምዶ ሄደ ወደ ፊቷ።
"ተዪ" አለ፤ "መስኮቱን አጉዪው፤ ማን ዘጋው በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ ቤቷ?"

ቀና አልኩ።
የቀኝ ቅንድቡ ላይ የቆየች ጠባሳ አለች፣
የዝናቡን ውሃ አቁራ አቁራ ወደ ጉንጩ ትለቃለች።

"አንተስ የምትልክላትን አትነሳም? ኮቱ ያውልህ" አልኩት።
"የማን ነው?"
"የሁሉም።"
ሳቀና እዚያው ምስማሩ ላይ ተወው፣ እኔም ተውኩት።
በሸሚዙ ቆመ፣ ከሐይቁ ፊት፣ ውሃው እየተንጠባጠበ፤
አንድ ጊዜ ብቻ አነሳሁት። ከፈለ፣ ስልኩን ጠቀለለ፣
ሄደ።

ባጃጁ ወደ አዌቱ ድልድይ ሲታጠፍ ነው ትዝ ያለኝ፤
ሰዓት እንዳሠረ፣ ቢያሥርም እንደሚሠራ፣
ጫማው ምን እንደነበር

አላየሁም።